ከመርዶው በፊት ባሕሩ

የእናቴ ወንድም ጎንደር ላይ ካረፈ ከወር በላይ ሆኖት ነበር፤ እናቴ ግን አልሰማችም። እንዳትሰማ አድርገን የያዝናት እኛው ልጆቿ ነን። መርዶው እንዲነገራት የተቆረጠው ቀን ሲደርስ፣ ዘመድ አዝማድ ራማት ኤሽኮል ሰፈር ያለው ቤቷ ገብቶ እስኪሰበሰብ ድረስ እሷን ይዞ የሚወጣ ሰው አስፈለገ። ታላቅ ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ ከቂርያት ጋት ደወለና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ባሕር ውሰጃት፣ እስክደውልልሽ እንዳትመልሻት፣ ስልኳን ደብቂ፣ ፊትሽን ጠብቂ አለኝ። እሱ ማዘዝ ከጀመረ ትንፋሽ አይወስድም። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ፊትሽን ጠብቂ ያለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ሆዴ ያለውን ፊቴ ቀድሞ የሚያወራብኝ ሰው ነኝ። አፍሪዳር ሰፈር በምሠራበት ፋርማሲ፣ መድኃኒቱ ማለቁን ከመናገሬ በፊት ደንበኛው አይቶኝ ዞሮ ይሄዳል። ያንን ሁሉ ሳምንት እናቴን ማታለል የቻልኩት ጎበዝ ዋሾ ሆኜ አይደለም። ዓይኗ ገና ስላልጠራ ፊቴን አጥርታ ስለማታይ ነው።

አጎቴን የማውቀው በስልክ ነው ማለት ይቻላል። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ስንወጣ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። እሱ አልጋ ላይ ከዋለው አባታቸው ጋር ቀረ። እናንተ ሂዱ፣ አባባን አስታምሜ እከተላለሁ ብሎ እንደሸኛት እናቴ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። አባቱን አስታመመ፣ ቀበረ። ከዚያ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፤ የመምጫ ወረቀቱ አንዴ ጎደለ ተባለ፣ አንዴ ተመለሰ፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ዕድሜው አለቀ። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳ አይታዋለች። የቀረውን ጊዜ ያገናኛቸው የእኔ ስልክ ነው፤ አርብ አርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ይነጋገሩ ነበር።

በኋላ ደግሞ የእናቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋና ጭጋግ ነው ትላለች። ድምፁን ትሰማለች፣ ፊቱን አታየውም። እሱ ከወዲያ ከስቻለሁ ሲላት እሷ ከወዲህ ምኑን አውቄ ትላለች። ቀዶ ሕክምናን ለዓመታት አሻፈረኝ ያለችው ሴትዮ በመጨረሻ እሺ ያለችው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ ምን እንደምትጠብቅ ሲጠይቃት ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ማንበብ ድሮም አልችል፣ በመርፌ መስፋትም ትቻለሁ፣ የወንድሜን ፊት ልየው ብዬ ነው አለች። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ታይዋለሽ አላት።

አጎቴ የሞተው ዓይኗን በተሠራች በማግስቱ ነው። ዓይኗ ገና እንደተሸፈነ ነበር። እንዳታጎነብስ፣ እንዳታሽ፣ እንዳታለቅስ ተብለናል። እናቴ ደግሞ ለወንድሟ እንዴት እንደምታለቅስ እናውቃለን፤ ፊቷን ነው የምትነጨው። ወንድሜ ዓይኗ እስኪድን አይነገራት አለ፣ ሁላችንም ልክ ነው አልን። ከዚያ በዓላቱ መጡ፣ በበዓል መርዶ አይነገርም። ከዚያ መርዶውን ይነግራሉ የተባሉት ሽማግሌ ቄስ፣ የእኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ቄስ፣ ታመሙ። እኛም ለእናቴ ወንድምሽ ለአጨዳ ገጠር ወርዷል፣ እዚያ ኔትዎርክ የለም እያልን ሰነበትን። አርብ በመጣ ቁጥር ስልኬን ታይና ይሄ ሰውዬ የማንን እርሻ ነው የሚያጭደው ብላ ትነጫነጫለች። እኔ ወደ ኩሽና እገባለሁ።

እንግዲህ ያን ቀን ወሰድኳት። ሱቅና መዝናኛ ያለበትን የባሕር ዳርቻ አልፈልግም ነበር፤ ከምናውቀው ሰው ጋር ተገጣጥመን አንዱ እግዜር ያጽናሽ ቢላትስ? ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ ግርጌ፣ ባሕሩ ወደ መሬት ገባ ብሎ የሚያርፍበት ትንሽ አሸዋማ ስፍራ አለ። በሥራ ቀን ሰው አይደርስበትም። ከድሮው ግንብ ውስጥ የድንጋይ ምሰሶዎች ጫፋቸው ወጥቶ ይታያል፤ ከሥራቸው አሸዋው ደቃቅና ንጹሕ ነው። ያን ጠዋት አንድ ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነበር፣ እሱም ጀርባውን ሰጥቶናል።

እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ነው የመጣችው። ዓይኗ ከጠራላት ወዲህ ብርሃን ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ታጣፊ ወንበር ይዤላት ነበር። ጫማዋን አወለቀችና ክንዴን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ ጥልቁ እየጠቆመች ያ ምንድን ነው አለችኝ። መርከብ ነው አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆመው አለች። ሁልጊዜ ይቆማል እማዬ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል አልኳት። ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ከተማ ኖሬ መርከብ መኖሩን ሳላውቅ አለችና ሳቀች። ከዚያ ሁሉንም መቁጠር ጀመረች፦ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ጭስ ማውጫ፣ የዓሣ አጥማጁን ቀይ ባልዲ፣ የእኔን ሽበት። ሽበቴን ስታይ ደነገጠች። ማን ነው እንዲህ ያስረጀሽ አለችኝ፣ እኔ የማላውቀው ሰው በድብቅ የሠራው ሥራ ይመስል።

ሳቋ አሳመመኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲህ ስትደሰት አላየሁም፤ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚጠብቃት እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። ሰው ደግሶ እንደሚያርደው በግ ይዣት የወጣሁ መሰለኝ። ወንድሜን በልቤ ሰደብኩት፣ ራሴንም ጨምሬ።

ዳርቻው ላይ ካለ የስሚንቶ መጠለያ ጥላ ሥር ወንበሯን ዘረጋሁላት፣ እኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ማዕበሉ ትንሽ ነበር፤ ይመጣል፣ ይመለሳል። የእኛ አገር ወንዝ የሚሄድበት አለው አለች እናቴ፤ ይሄ ግን መመላለስ ብቻ ነው። ቀጥላ ስልክሽን አምጪው አለችኝ፤ ለወንድሟ ባሕሩን ልታሳየው ፈልጋለች። የለመድኩትን ውሸት አወጣሁ፤ አጨዳ ላይ ነው፣ ኔትዎርክ የለም አልኩ። እሷም ዘዴ አላጣችም። የልጅ ልጆቿ ሲያደርጉ አይታለች። እንግዲያው ቅረጪኝና ላኪለት፣ ከተማ ሲወጣ ያየዋል አለችኝ።

ምን ልበላት? ቀረጽኳት። ፀጉሯን ወደ ውስጥ መለሰች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከንፈሯን በምላሷ አረጠበች።

“ወንድሜ፣ እኔ ነኝ” አለች። “ዓይኔ ድኖልኛል። ይኸው ባሕሩን እያየሁት ነው፣ አንተም እየው። አዙሪለት እስቲ ልጄ። አጨዳውን ለልጆቹ ተውና ወደ ከተማ ውጣ፣ ፊትህን ልየው። ከስቻለሁ ስትለኝ ነበር፤ ልየውና እኔ እፈርዳለሁ።”

ሳልልከው ልኬዋለሁ ልላት አስቤ ነበር። እሷ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ትከሻዬ ላይ ቆማ ስክሪኑን ታያለች። አሁን ታያለች። ላኩት።

የአጎቴ ስልክ በልጁ እጅ እንደነበረ አላውቅም ነበር። እንዲያውም ጠፍቶ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ብዙም አልቆየ፣ ስልኬ ጉልበቴ ላይ ጮኸ። የአጎቴ ፎቶ በራ፤ የድምፅ መልእክት ነው። የተሠራው ዓይኗ ከእኔ ቀድሞ አየው።

“እሱ ነው። መለሰልኝ” አለች። “አሰሚኝ።”

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። ባትሪ አለቀ ማለት ይቻል ነበር። ድምፁ ተበላሽቷል ማለት ይቻል ነበር። ከወር በላይ ስዋሽ ኖሬ የመጨረሻውን አንድ ውሸት አላወጣሁትም። ቆይ እማዬ ብቻ አልኳት። አንዴ ደግማ አሰሚኝ አለች። ስልኩን ወደ ደረቴ ደፋሁት።

“እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙሪ” አለችኝ።

ዞርኩ። ጎንበስ ብላ፣ አገጬን በጣቷ ከፍ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እኔም ፊቴን የምደብቅበት የለኝም። መዳፏን ጉንጬ ላይ አሳረፈች።

“መቼ ነው?” አለች።

ዓይንሽን በተሠራሽ በማግስቱ አልኳት። ቀስ ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ከኋላዋ ባዶውን ቀረ። ወደ ባሕሩ እያየች፣

“ታዲያ ይሄ ዓይን ምን ይሠራልኛል?” አለችኝ።

 

ከዚያ አለቀሰች። እጇ ወደ ፊቷ ሲሄድ ሁለቱንም እጆቿን ያዝኩባት፤ ዓይንሽን፣ ዓይንሽን እማዬ እያልኩ። ልቀቂኝ ትለኛለች፣ አልለቃትም። ትግል ገጠምን ማለት ይቻላል፣ አሸዋው ላይ፣ ሁለት ሴቶች። ዓሣ አጥማጁ ዞር ብሎ አየንና ባልዲውን አንሥቶ ራቅ አለ። ሲደክማት ተወችኝ። በስሙ ጠራችው፣ ደግማ ጠራችው፤ እንደ ለቅሶ ቤት ጮክ ብላ ሳይሆን፣ በሩቅ ያለን ሰው ቀስ ብሎ እንደሚጣራ ሰው። ቀጥላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰችው። ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። እንዲህ ሆና ተቀመጠች። ውሃው እግሯ ሥር እየደረሰ ይመለሳል።

አጠገቧ ሆኜ ያለፈውን ሁሉ ነገርኳት፤ እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው፣ አጨዳ የሚባል ነገር እንዳልነበረ። አንድ ሰዓት የሚሆን ጊዜ ተቀምጠናል። በመጨረሻ ቤት ማን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ዘመዶቻችን ከቂርያት ጋት፣ ከነታንያ፣ ከቤርሼባ መጥተዋል፤ ሽማግሌው ቄስም ከሕመማቸው ተነሥተው መጥተዋል አልኳት። ቄሱም መጡ? አለች። አዎ አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

“እንግዲያው አንቺ አልነገርሽኝም” አለችኝ። “ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ተነሥቶ መጥቶ፣ ሽማግሌው ታመው መጥተው፣ አውቄዋለሁ ብዬ አላሳፍራቸውም። አንቺንም እናቷን ብቻዋን አረዳቻት ሲሉሽ አልሰማም።”

ወንድሜ ደወለ። አምጫት አለኝ፤ አልሰማችም አይደል አለኝ። አልሰማችም አልኩት። እናቴ ቆማ አሸዋውን ከቀሚሷ አራገፈች፤ በያዝነው ውሃ ፊቷን ታጠበች። መኪናው ጋ ስንደርስ ነጠላዋን አወለቀች፣ ገለበጠች፣ እንደ ማንኛውም ቀን ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ጣል አደረገችው። በመስታወት አየች። ልክ ነው? ብላ ጠየቀችኝ። ልክ ነው አልኳት፣ ወደ መንገዱ ዞሬ።

ቤቷ ደረጃ ላይ ድምፅ አልነበረም። በሩ ሲከፈት ሳሎኑ ሙሉ ሰው ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ቄሱ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙና የሚባለውን አሉ። እናቴ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጩኸቷ እስከ ታችኛው መንገድ ይሰማ ነበር። ማስመሰል አልነበረም፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም። ብቻዋን የሰማችውና በሰው መሃል የሰማችው ሁለት የተለያየ ሐዘን ነው፤ ሁለቱንም አለቀሰች። ወንድሜ እያለቀሰ ከማዶ ሆኖ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ጎሽ ማለቱ ነው።

ለቅሶው ትንሽ ረገብ ሲል የሰፈሩ ምኩራብ ወጣት ራቭ፣ የሃይማኖት መምህሩ፣ ገባ። የእኛው ልጅ ነው፣ እዚሁ ያደገ። አማርኛውን ከዕብራይስጥ እየቀላቀለ፣ እያፈረም፣ ሕጉን ነገረን፦ የሞት ወሬ ከሠላሳ ቀን በኋላ የደረሰው ሰው ሺቭዓ፣ ማለትም የሰባት ቀን ሐዘን፣ አይቀመጥም፣ አንድ ሰዓት ብቻ ተቀምጦ ይነሣል። ሳሎኑ ታወከ። ወንድሜ እንዴት ተብሎ፣ ለአንድ እናት ልጅ አንድ ሰዓት? አለ። ቄሱ በእኛ አገር ሰው ሞተ የሚባለው በተሰማ ዕለት ነው፣ ሰባት ቀን ነው አሉ። ራቩ እኔ ሕጉን አላወጣሁትም አለ። ማናችንም ያን አላሰብንም ነበር። ዓይኗን እናድን ብለን፣ በዓሉን እናሳልፍ ብለን፣ ሐዘኗን በቀን ስንቀንስባት ኖረናል። ወንድሜ ፊቱ አመድ ሆነ። ከዚያ በፊት ሲሳሳት ያመነ ሰው አይደለም፣ ያን ቀንም በቃል አላመነም፤ ግን ወንበሩ ላይ ሲያንስ አየሁት፣ አሳዘነኝም።

እናቴ ከወለሉ ላይ ሆና ራቩን ጠራችው።

“አንዱን ሰዓት ተቀምጫለሁ ልጄ” አለችው። “አሁን ሰባቱን ልቀመጥ።”

ሐዘን አእምሮዋን አምታቶባታል ብለው ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ራቩም ጎንበስ ብሎ አጽናንቷት ወጣ። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። እኔ ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሰባቱ ቀን ካለቀ በኋላ ያንን የድምፅ መልእክት አሰሚኝ አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ እያለቀሰ ስለሆነ ብዙውን መስማት አይቻልም። አክስቴ፣ አየነው፣ ባሕሩን ሁላችንም አየነው ይላል። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ አርብ ከሰዓት፣ ድሮ ስልክ በምንደውልበት ሰዓት፣ እዚያው ቦታ እወስዳት ነበር። ስለዚያ ቀን ግን ሁለታችንም አንሥተን አናውቅም።

ያነሣው የነበረው ወንድሜ ነው። በየሰርጉ፣ በየግርዛቱ፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር መርዶ እንዲህ ነው ይላል። እናታችንን እህቴ ባሕር ወሰደቻት፣ ቤት እስክትገባ ጠርጥራ አታውቅም፤ ጥርት ያለ መርዶ ነበር እያለ ያወራል። እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እኔ ወደ ኩሽና እገባለሁ። ወጣቶቹ ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰሙታል፤ ልጄም ትሰማለች።

ባለፈው ዓመት እናቴ ሆስፒታል ገባች። ሳንባዋ ደክሞ ነበር። ተራ ገብተን አጠገቧ እንውላለን። አንድ ቀን ጠዋት ተራው የልጄ ነበር፣ እኔ ፋርማሲ ገብቻለሁ። ልጄ ባል ይዛ አጋሚም ሰፈር ነው የምትኖረው፤ አማርኛ አሳምራ ይገባታል፣ ስትመልስ ግን በዕብራይስጥ ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ቀና ብል በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷን ታጥባ መጥታለች፣ የፀጉሯ መነሻ እርጥብ ነው። ፈገግ ለማለት ትሞክራለች።

“ኢማ፣ ባ ላኽ ላያም?” አለችኝ። እማ፣ ባሕር መሄድ አላሰኘሽም ወይ ማለቷ ነው።

በሥራ ቀን፣ በራሷ ተራ፣ ባሕር የሚያሰኘው ሰው የለም። አያትሽን ለማን ተውሻት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም። የፊቴን ነገር አውቃለሁና ቦርሳዬን የምፈልግ መስዬ ዞርኩ፣ መደርደሪያውን ይዤ ቆየሁ፣ እሺ ልጄ አልኳት። ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። ያንን መርዶ ብቻዋን ተሸክማ፣ እንዳይፈስባት በሁለት እጇ ይዛ እየሄደች ነበር። እኔ ከእጇ አላስጥላትም።

እዚያው ቦታ ወሰደችኝ። ወንበርም ይዛልኛለች፣ ውሃም ይዛለች። እኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ሕንፃቸው ሊፍት አወራችልኝ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ አወራችልኝ፤ ስልኳን በፊቱ ደፍታ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፣ ወንድሜ እስኪደውል። መርከቡ ቆሟል። ምሰሶዎቹ እንደነበሩ ናቸው። እናቴን በልቤ ጠራኋት፣ ቀስ ብዬ፣ እሷ ወንድሟን እንደጠራችው።

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ለሥራ የማደርጋት ሰማያዊ ሻርፕ ነበረች። አወለቅኋት፣ ገለበጥኳት፣ አየኋት፣ መልሼ አደረግኋት። ጥለት የላትም፤ ብትዘቀዘቅም ባትዘቀዘቅም አንድ ነች።

“ኢማ፣ ካር ላኽ?” አለችኝ ልጄ፤ በረደሽ?

አልበረደኝም አልኳት። ትንሽ ብቻ እንቀመጥ።